ጋሽ አለባቸው ለምን አይስቁም?

የኑኃሚን አባት ጋሽ አለባቸው ከተዋወቅን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ፈገግ ብለውልኝ አያውቁም። ለማጋነን አይደለም። ሰው ሲያፈቅር የወደፊት አማቱን ፊት እንደ አየር ትንበያ ይከታተላል፤ እኔም ስምንት ወር ሙሉ ተከታትዬ ደመና እንጂ ፀሐይ አላየሁም።

ስሜ ዘሚካኤል ነው። ኦስሎ ውስጥ የዶክትሬት ትምህርቴን እየጨረስኩ ነው፤ የማጠናው ፓርኪንሰን የሚባለውን በሽታ ነው። ሰው ስለማይሰጡኝ የማጠናው በዝንብ ነው። ዝንቦቹ አንጎላቸው ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲያንሳቸው የብልቃጡን ግድግዳ መውጣት ያቅታቸዋል፤ እኔ ደግሞ ስንቱ ወጣ፣ ስንቱ ወደቀ እያልኩ እመዘግባለሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ዛሬስ ምን ስትሠራ ዋልክ?» ትለኛለች። «ዝንብ ስቆጥር» እላታለሁ። እሷ ስልኩን ዘግታ ለጎረቤት «ልጄ የአንጎል ሐኪም ነው» ትላለች።

ኑኃሚንን ያገኘኋት በሜትሮ ውስጥ ነው። እሷ ሊንደሩድ ትወርዳለች፤ እኔ ስድስት ጣቢያ አልፌ ሮምሶስ። የዚያን ቀን ለእናቴ በስልክ «በልቻለሁ፣ እንዲያውም ጠግቤያለሁ» እያልኩ እዋሻለሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ሆዴ ሲጮህ ሰምታ ሳቋን በሻርፗ ልትሸፍን ሞከረች፤ አልቻለችም። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። «አማርኛ ትሰሚያለሽ?» አልኳት። «ያ፣ የሆድም ጭምር» አለችኝ፤ «ያ» በኖርዌይኛ «አዎ» ማለት ነው። ሊንደሩድ ሲደርስ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ እሷ ግን አልወረደችም። ያን ዕለት ሮምሶስ ድረስ ምን እንዳወራን ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ልቤ ግን እያንዳንዱን ጣቢያ ያስታውሳል።

ኑኃሚን እዚሁ የተወለደች፣ በኮሙኑ፣ ማለትም በከተማው አስተዳደር፣ የውሃ ክፍል ውስጥ መሐንዲስ ናት። አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ኦስሎ የኖሩ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ቫክትሜስተር፣ ማለትም የተሰበረውን ሁሉ ጠጋኝ፣ የራሳቸው ቤት ያላቸው፣ በሐበሻው ዘንድ የተከበሩ ሰው ናቸው። በተለይ በእጅ ጽሑፋቸው ይታወቃሉ፤ በዚህ ከተማ የተደገሰ የሐበሻ ሠርግ ሁሉ የጥሪ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ስም በእሳቸው እጅ ነው። እኔስ? የመኖሪያ ፈቃዴ በየጊዜው የሚታደስ፣ ኮንትራቴ በበጋው መጨረሻ የሚያልቅ፣ ሮምሶስ አንድ ክፍል ተከራይቼ የምኖር ሰው ነኝ። የሐበሻው አሉባልታም «ወረቀት ፈልጎ ነው» ብሎ ፈርዶብኛል። ስለዚህ ጋሽ አለባቸው ቢጠሉኝ ምክንያት አያጡም ብዬ ገና ሳላያቸው ተዘጋጅቼ ነበር።

መጀመሪያ ቤታቸው የሄድኩት በመስከረም ነው። በር ላይ እጄን ዘረጋሁ። ጋሽ አለባቸው ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ በግራቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ንቀት ቁጥር አንድ አልኩ በልቤ። የኑኃሚን እናት እትዬ ዓለምጸሐይ ዓሣ ምድጃ ላይ ጥደው «አሌ፣ እስቲ እየው» ብለዋቸው እኛ ጋ መጥተው ተቀመጡ። ጋሽ አለባቸው ከምድጃው አጠገብ ጋዜጣ ዘርግተዋል። የማረር ሽታው ሳሎን ደረሰ፤ እሳቸው ገጽ ይገልጣሉ። ኑኃሚን ሮጣ ምድጃውን አጠፋችው፤ እሳቸው ያኔ ቀና ብለው ምን ተፈጠረ በሚል ዓይን አዩን። እንግዳው ጾሙን ይሂድ ብለው ነው አልኩ። ንቀት ቁጥር ሁለት። እኔም እልህ ይዞኝ ያን የከሰለ ዓሣ እስከ አጥንቱ በላሁት።

«ምንድን ነው የምታጠናው?» አሉኝ ከምግብ በኋላ። ድምፃቸው በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ጠጋ ብዬ ነው የሰማኋቸው። በፊልም የወንበዴ አለቃ ብቻ ነው እንዲህ የሚያወራው።

«አንጎል» አልኳቸው።

«የምን አንጎል?»

«የ... ዝንብ።»

አዩኝ። ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ጋዜጣቸውን አነሱ።

ስንወጣ ለኑኃሚን «አባትሽ ፊት ነሱኝ» አልኳት። «ኔይ፣ አይደለም፣ ዘሚ፣ ደክሞት ነው» አለችኝ። ከዚያ «ድሮ እኮ በጣም ነበር የሚስቀው። አሁን እኔም ሳወራው አይስቅም» አለች። ድምፅዋ ተሰበረብኝ። እኔ ሞኙ ግን የራሴን ቁስል እያከክሁ ስለነበር የእሷን አላየሁላትም።

ክረምቱ አለፈ፤ በረዶው ቀለጠ። በሚያዝያ ኑኃሚን «ሽማግሌ ላክ። አባዬ ዘመናዊ ይመስላል እንጂ በደንብ ያልተጠየቀ እንደሆነ አይሰማም» አለችኝ። ታክሲ ነጂውን ጋሽ ተረፈን ከሌሎች ሁለት አባቶች ጋር ላክኋቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ተቃቅፈው ሄዱ፤ አኩርፈው ተመለሱ።

«ሦስት ሽማግሌ በር ላይ ቆመን እሱ ከወንበሩ አልተነሳም» አሉኝ ጋሽ ተረፈ። «ሊነሳ ቃጣው፣ ተወው፤ ደግሞ ቃጣው፣ ተወው። እኛ ለእሱ ከወንበር የማንበልጥ ሰዎች ነን ማለት ነው።»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«ምን ይላል። ያንሾካሹካል። ‹በደብዳቤ አሳውቃችኋለሁ› አለ።»

ደብዳቤው ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ፉሩሴት በሚባለው ሰፈር፣ የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ካለው ካፌ ተሰበሰብን። ጋሽ ተረፈ ወረቀቱን ዘረጉት። የመጀመሪያው መስመር ውብ ነው፤ እንደ መስቀል ሊስሙት ያሰኛል። ሁለተኛው አነስ ይላል። ሦስተኛው ከእሱ ያንሳል። ከአራተኛው ጀምሮ ፊደል የለም፤ ጉንዳን ነው። ጋሽ ተረፈ የጓደኛቸውን መነጽር በራሳቸው መነጽር ላይ ደረቡ። በስልካቸውም ፎቶ አንስተው አሳደጉት፤ ጉንዳኑ ዝሆን አከለ እንጂ ፊደል አልሆነም። የሚነበበው ይህ ብቻ ነበር፦ «የተከበራችሁ ሽማግሎች፣ ልጄን ለመዳር ብዙ አሰብኩበት። ቅር ያለኝ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም...»

ቀሪውን እያንዳንዱ በየራሱ ጨረሰው። አንዱ «እርሱም የመኖሪያ ፈቃዱ ነው» አሉ። ሌላው «የኪራይ ቤቱ ነው» አሉ። ጋሽ ተረፈ እኔን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዝንቡ ነው። ዝንብ አትበል ብዬህ ነበር።» ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። «ቁም ጽሕፈት የሚጽፍ ሰው እንዲህ አሳንሶ የጻፈው እንዳንሳችሁኝ እወቁ ለማለት ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። እምቢ ብሏል፤ በቃ።»

ጋሽ ተረፈ ማታውኑ ለኑኃሚን ደውለው «አባትሽ አልፈቀደም» ብለው ነገሯት። ሐሙስ ጠዋት ይህን ጽፋልኝ አገኘሁ፦

«ዘሚ፣ ለአባዬ ‹የጻፍከውን ሽማግሎቹ ነግረውኛል› አልኩት። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ፊቱ ድንጋይ ነው። ቅዳሜ ዕቃዬን ይዤ ፉሩሴት ጓደኛዬ ሱአድ ጋ እገባለሁ፤ ወደዚህ ቤት አልመለስም። አንተንም ግን ማየት አልችልም። አባቴን ጥዬ ካገባሁህ ዕድሜ ልኬን አንተን ባየሁ ቁጥር የማስበው እሱን ነው። እባክህ አትደውል።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አባቷንም እኔንም በአንድ ሻንጣ ዘግታ ልትሄድ ነው። እምቢ ያሉበትን ምክንያት እንኳ ሳላውቅ እሷን ማጣት አቃተኝ። ዓርብ ዕለት ዝንቦቼን ወደ ጎን አደረግሁና ደብዳቤውን ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁት።

መብራቱን እያስተካከልኩ ሳለሁ የላብራቶሪ ባልደረባዬ ኤማ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ኤማ አማርኛ አታውቅም፤ ከእኔ ቀድማ ያየችውም ለዚያ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ቃላት ስፈልግ እሷ የምታየው ቅርጽ ብቻ ነበር።

«የታማሚ ጽሑፍ ነው?» አለችኝ።

«የምን ታማሚ?»

«የፓርኪንሰን ነዋ። ተመልከተው፣ እየጠበበ ነው የሚሄደው። በእናንተ ፊደልም ያው ነው ማለት ነው?»

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉ የለ? አራት ዓመት ሙሉ ስለዚህ በሽታ የተጻፈውን ሁሉ ሳነብ ኖሬ፣ በሽታው ስምንት ወር ሙሉ ከፊቴ ተቀምጦ ሲያየኝ ጥላቻ ነው ብዬ መዘገብኩት። ከኪስ የማይወጣው ቀኝ እጅ ንቀት አልነበረም፤ መንቀጥቀጡ በአንድ ወገን ነው የሚጀምረው። ዓሣው ሲያርር ሽታው አልደረሳቸውም፤ ማሽተት ቀድሞ ከሚጠፉት ነገሮች አንዱ ነው። ድምፁ፣ የማይርገበገበው ዓይን፣ ከወንበር ለመነሳት ሁለት ጊዜ መሞከሩ፣ ሁሉም እዚያው ነበረ። ፊታቸውም አልተቆጣም፤ ጡንቻው እንደ ድሮው አልታዘዝ ብሎ ነው።

መሃል አንጎል ውስጥ ጠቆር ያለች ጠባብ ሥፍራ አለች። እዚያ ያሉት ሴሎች ዶፓሚን ያመነጫሉ፤ እጅ ሲነሳ፣ እግር ሲራመድ፣ ፊት ለሳቅ ሲፈታ ሥራውን የሚያቀላጥፈው እሱ ነው። በፓርኪንሰን አንድ ፕሮቲን ሴሎቹ ውስጥ እየተጠቀለለ ይጠራቀማል፤ ሴሎቹም ቀስ በቀስ ይሞታሉ። እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከእነሱ ብዙዎቹ አልፈዋል። በሽታው ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት በጓሮ በር ሲገባ ሲወጣ ይቆያል፤ ሆድ ይደርቃል፣ ሽታ ይጠፋል፣ ሰውየው በህልሙ እየተደባደበ አልጋውን ይራገጣል። አንዳንዶች እንዲያውም ከአንጀት ተነስቶ ነው ወደ አንጎል የሚወጣው ይላሉ። ይህን ሁሉ ለተማሪዎች በስላይድ አስረድቻለሁ፤ በሊንደሩድ ሳሎን ውስጥ ሳገኘው ግን አላወቅሁትም።

ከዚያ ጉንዳኖቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ።

«...እርሱም በልጁ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው። ልጁን ወድጄዋለሁ። ያ ያረረ ዓሣ የቀረበ ዕለት ሳያማርር ጨርሶ የበላ እርሱ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ትዳር ይችላል። ደስታዬን ግን ፊቴ አልናገርም ብሎኛል። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጠጪ እንዳልባል ኪሴ ውስጥ አኖረዋለሁ። ልጁ ስለ አንጎል ያውቃል ስለተባለ ከእርሱ የባሰ እደበቃለሁ። አደራችሁን፣ እስከ ሠርጉ ለኑኃሚን አትንገሩብኝ፤ ሠርጓን ትታ እኔን ላስታምም ትላለች። ፈቅጃለሁ። ይባረኩ።»

ሳቅሁ። ኤማ ደነገጠች። ቀጥዬ ደግሞ አለቀስኩ፤ ይሄኔ ወንበር አመጣችልኝ። የሰው ልጅ በአንድ ወረቀት ላይ ሚስቱንም የአማቱን በሽታም ሲያገኝ በየትኛው ፊቱ እንደሚቀበል የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሊንደሩድ ደረስኩ። በሩን እትዬ ዓለምጸሐይ ከፈቱልኝ፤ ዓይናቸው አብጧል። «እላይ ዕቃ ታሸጋለች። እሱ ኩሽና ነው። አንተ ከማን ልትጣላ መጣህ?» አሉኝ። «ከጋሽ አለባቸው ጋር ላወራ ነው» ብዬ ገባሁ።

ጋሽ አለባቸው ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ደብዳቤዎን አነበብኩት። እስከ መጨረሻው።»

ጊዜ ወሰደባቸው። አሁን ስለማውቅ ጠበቅኋቸው።

«ሽማግሎቹስ አላነበቡትም?»

«ከሦስተኛው መስመር አላለፉም። የተቀረውን ከራሳቸው ጨመሩበት። ለኑኃሚንም እምቢ ብለዋል ብለው ነገሯት።»

«እምቢ?» ድምፃቸው ጭራሽ ጠፋ። «እኔኮ... ‹ሽማግሎቹ ነግረውኛል› ስትለኝ መታመሜን የነገሯት መሰለኝ። ወዲያው ሻንጣ አወረደች። በሽተኛ አባት ለወጣት ሴት ሸክም ነው፤ ትሂድ፣ ልክ ናት ብዬ ዝም አልኩ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ልጄ የተወችኝ በመታመሜ ነው ብለው፣ በዚህ ፊት ላይ ምንም ሳይታይ፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«እሺታዎን ለምን በአፍዎ አልነገሯትም?»

«ሽማግሌ ሳይሰማ ለልጅቷ ይነገራል እንዴ? ደንብ አለ እኮ።» ቀጥለውም «ምንድን ነው ያለብኝ? የዝንቦችህ ነው?» አሉኝ።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ጋሽ አለባቸው። ፋስትሌገዎ፣ የቤተሰብ ሐኪምዎ ጋ መሄድ አለብዎት፤ እሱ ወደ ነርቭ ሐኪም ይልክዎታል። ግን ይመስለኛል።»

«ወዴት ይሄዳል?»

መዋሸት ቀላል ነበር። «ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ በዓመታት። ግራ እጅዎም ሊከተል ይችላል። እርምጃ ያጥራል፤ ሚዛን ሲዛባ መውደቅም ይመጣል። የሚያድን መድኃኒት የለም። የጎደለውን የሚተካ ግን አለ፤ ለብዙ ሰው እጅና እግሩን ይፈታለታል። በየቀኑ መራመድና ስፖርትም ይረዳል።»

«ዝንቦቹ ስንት ዓመት ይኖራሉ?»

«ሁለት ወር ገደማ።»

«እኔ ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። አሸንፌያቸዋለሁ።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ አንድ ጡንቻ አልተነቃነቀም። ያኔ ነው የገባኝ። ይህ ሰው ስምንት ወር ሙሉ ሲቀልድብኝ ነበር፤ እኔ ነኝ በእያንዳንዱ ቀልድ አልቅሼ ቤቴ የገባሁት። በሩ ላይ ቆመው ያዳምጡ የነበሩት እትዬ ዓለምጸሐይ ገቡ።

«በእንቅልፍ መራገጡም ከዚህ ነው?»

«ሊሆን ይችላል» አልኳቸው።

«ሦስት ዓመት ሶፋ ላይ ያሳደረኝ ይሄ ነው? እኔ ደግሞ ከሌላ ሴት ጋር በህልሙ የሚጣላ መስሎኝ አንድ ቀን ደህና አድርጌ በትራስ መትቼዋለሁ።» ሊቆጡ ጀምረው መሃል ላይ እንባቸው መጣ። የባላቸውን ጭንቅላት በሆዳቸው ደገፍ አደረጉት። «ለእኔ እንኳ አትነግረኝም፣ አሌ?»

በዚህ መሃል ሻንጣው ደረጃውን እየደበደበ ወረደ። ኑኃሚን ኩሽናው በር ላይ ስታየኝ ፊቷ ነደደ።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? እንዳላይህ ብዬ አልነበር?»

«ኑኃ፣ አባትሽን ስሚያቸው» አልኳት።

«ሰምቼዋለሁ። ዝምታውን ስምንት ወር ሰምቼዋለሁ።»

ጋሽ አለባቸው ለመነሳት ሞከሩ፤ አልሆነም። ደግመው ሞከሩ። ልደግፋቸው ስል እትዬ ዓለምጸሐይ በዓይናቸው ከለከሉኝ። በሦስተኛው ተነሱ። ከዚያም ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል የማይታይ ነገር የሚያሹ ይመስል እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኑኃሚን እጁን አየችው። ቀስ በቀስ ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ወረደ።

«እሺ ብዬ ነው የጻፍኩት» አሏት። «እጄ ነው ያሳነሰው። አሞኛል መሰለኝ፣ ልጄ። ሠርግሽ ይቅደም ብዬ ነው የደበቅሁሽ።»

«መታመምህን ለሽማግሌ ጽፈህ ለእኔ አትነግረኝም?»

ኑኃሚን ቀጠለች። «አትስቅም ነበር፣ አባዬ። ሥራ ያገኘሁ ቀን ስነግርህ አልሳቅህም። ስለ ዘሚ ስነግርህ አልሳቅህም። ምን አጠፋሁ እያልኩ ክፍሌ ገብቼ አለቅስ ነበር።»

«ስቄያለሁ» አሏት። «ሥራ ያገኘሽ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ነው የሳቅሁት። ወደ ውጭ አልወጣ ብሎኝ ነው እንጂ።»

ሻንጣውን ለቀቀችው፤ ወደቀ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሄዳ ያንን እጅ በሁለት እጆቿ ያዘችው። መንቀጥቀጡ አልቆመም፤ የእሷም እጆች አብረው ተንቀጠቀጡ።

«ታዲያ ስትስቅ በምን ላውቅ ነው?»

«ጠይቂኝ። እነግርሻለሁ።»

ኑኃሚን እንባዋን ሳትጠርግ ቀና ብላ አየቻቸው። «አሁን እየሳቅህ ነው?»

መልሱ ዘገየ። እሷም እንደ እኔ መጠበቅ ጀምራ ነበር።

«ያ» አሏት በዚያ በማይሰማ ድምፃቸው፤ «በጣም።»

እሷ አንገታቸው ላይ ወድቃ ስታለቅስ እኔ ፊታቸውን ተመለከትኩ። ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረበትም። አመንኳቸው።